ለጦር የተሠራ ጥይት ለአደን ይሆናልን?

አንባቢ ሆይ፤ በላሊበላ ወይም በኮረም በኩል አድርገው ወደ ሰቆጣ ተጉዘው እንደ ሆነ የዋግ ኽምራ አገር አቀማመጥ ከዓይንዎ አይጠፋም። ተራራው ተቆርጦ ገደል ይሆናል፤ ገደሉ ወርዶ ቆላ ይሆናል፤ ቆላውም እየተንደረደረ እስከ ተከዜ ይደርሳል። ከወንዙ ማዶ የሰሜን ተራሮች ቆመው ይታያሉ። በዚህ አገር ጠመንጃ እንደ ሞፈርና እንደ ቀንበር የቤት ዕቃ ሆኖ ኖሯል። አባት ለልጁ ያወርሰዋል፤ ለሠርግም ለለቅሶም ይወጣል፤ የሰው ክብር በትከሻው በተሸከመው ነፍጥ ይለካ የነበረበት ዘመንም አልራቀም።

ጠመንጃውን የሚያውቅ ሰው ግን ሁሉ ጥይቱን ያውቃል ማለት አይደለም። ስለ ጠመንጃ ዓይነት ሲከራከር የሚያመሸው ሰው በውስጡ ስለሚጎርሰው ጥይት ጠባይ ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ መልሱ «ጥይት ጥይት ነው» የሚል ነው። እርስዎም ትምህርትዎን ጨርሰው በመምህርነት ወይም በጽሕፈት ቤት ሥራ ወደዚያ ቢመደቡ፣ ከሰነበቱ በኋላ ወዳጅ ያፈሩና «ና ወደ ገደሉ ወርደን ሰስ እንምታ» የሚል ግብዣ ሊደርስዎ ይችላል። ጠመንጃው ክላሽ፣ ጥይቱም ለጦር የተሠራው ነው። ይህ ጥይት ለአደን ይሆናልን? የእንስሳው ስቃይና በማዶ ያለው እረኛ ሕይወት በዚህ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

አጋዘን ስንል ምን ማለታችን ነው?

የአውሮፓና የአሜሪካ የአደን መጻሕፍት አብዝተው የሚጽፉለትን፣ ባለ ቅርንጫፍ ቀንዱን እንስሳ እኛ በአማርኛ «አጋዘን» ብለን እንተረጉመዋለን። ያ እንስሳ ቀንዱ በየዓመቱ ወድቆ እንደ ገና ይበቅላል። ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው አፍሪቃ ግን ዘሩ በተፈጥሮ አይገኝም፤ በአህጉራችን ያለው በሰሜን ጫፍ በአልጄሪያና በቱኒዝያ በኩል ብቻ ነው። የእኛ አጋዘን፣ ድኩላ፣ ሚዳቋና ሰስ ቀንዳቸው ዕድሜ ልካቸውን የማይወድቅ ሌላ ወገን ናቸው።

በመካከላቸው ያለው የመጠን ልዩነትም ከፍ ያለ ነው። በቋጥኝ ላይ በሰኮናው ጫፍ ቆሞ የሚዘለው ሰስ ከ10 እስከ 15 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ሚዳቋ ከእርሱ ጥቂት ይበልጣል። በአርሲና በባሌ ተራሮች የሚኖረው፣ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የማይገኘው የደጋ አጋዘን ግን ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ጥይት ይበቃል ማለት፣ ለግልገልና ለበሬ አንድ ቀንበር ይበቃል እንደ ማለት ነው።

የአረሩ ጉልበት ከወዴት ይመጣል?

አንድ ጥይት አራት ነገር ያለበት መሆኑን ያስታውሱ። እነዚህም ቀለሁ፣ በቀለሁ ግርጌ ያለችው እሳት ሰጪ፣ ባሩዱና ከፊት የተሰካው አረር ናቸው። ቃታው ሲሳብ ባሩዱ ነድዶ ጋዝ ይሆናል፤ ጋዙም አረሩን ገፍቶ በአፈሙዙ በኩል ያስወጣዋል። በመኪናው ውስጥ የተቀረጸው ጠምዛዛ መስመር አረሩን እንደ እንዝርት ስለሚያሾረው አየሩን ሳይገለበጥ ሰንጥቆ ይሄዳል።

በትምህርት ቤት ፊዚክስ የተማሩ ሁሉ የሚያውቁት አንድ ሕግ እዚህ ላይ ይሠራል። የአረሩ ክብደት እጥፍ ቢሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በአገራችን ስማቸው የታወቀውን ጠመንጃዎች ብንወስድ፣ የሰናድር አረር 31 ግራም ያህል ሲመዝን በሰከንድ ወደ 380 ሜትር ይወጣል፤ ጉልበቱም 2,200 ጁል ያህል ነው። ውጅግራ 25 ግራም አረር በ450 ሜትር ፍጥነት ሲወረውር 2,500 ጁል ይሆናል። የቤልጅግ ሥራ የሆነው የበልጅግ ጠመንጃ 12.8 ግራም የሚመዝነውን ከባዱን አረር በ750 ሜትር ሲተኩስ 3,600 ጁል ይደርሳል። ክላሽ 8 ግራም እንኳ የማይሞላ አረር በ715 ሜትር ፍጥነት ያስወጣል፤ ጉልበቱም 2,000 ጁል ያህል ነው።

ይህ ሁሉ ቁጥር ግን አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ ያለው ነው። አየሩ እየያዘው ስለሚሄድ የክላሽ አረር 300 ሜትር ሲደርስ ከግማሽ የሚበልጠውን ጉልበቱን አጥቷል። ለ100 ሜትር የተስተካከለ ጠመንጃም በዚያ ርቀት ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይመታል። «ክላሽ ኪሎ ሜትር ይመታል» የሚለው ወሬ አረሩ እዚያ መድረሱን ይነግርዎታል እንጂ፣ ደርሶ ምን እንደሚሠራና የት እንደሚያርፍ አይነግርዎትም።

የእርሳስ አረር ልባስ የለበሰበት ዘመን

ጥይት በጊዜው ጊዜ እንዴት እንደ ተለወጠ ለማወቅ የዋግ ታሪክ ራሱ ጥሩ መምህር ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ በታች በአሮጌ ሜዳ ላይ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ሲዋጋ፣ ከኋላው የሚጎርሰው የሰናድር ጠመንጃ በጦር ሜዳ ላይ መጀመሪያ የታየበት ቀን ሆነ። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወደ ባሕር ሲመለስ ለትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ መድፍና ከ800 የማያንስ ጠመንጃ ከነጥይቱ ሰጥቶት ሄደ። በዚያው ዘመን የዋጉ ሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነግሠው ነበር። ሁለቱ ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ በአሰም ተገናኙ። የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት በቁጥር ብዙ እጥፍ ይበልጥ እንደ ነበር ይነገራል፤ ነገር ግን የተሻለ መሣሪያና የሠለጠነ ተኳሽ የያዘው አሸነፈ። ካሣም ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ። ብዛት ብቻውን እንደማይበቃ ዋግ በንጉሡ የከፈለበት ትምህርት ነው።

በእነ ሰናድርና በእነ ውጅግራ ዘመን አረሩ ጥሬ እርሳስ ነበረ። እርሳስ ለስላሳ ስለ ሆነ ሥጋ ሲመታ ራሱ ይደፈጠጥና ይሰፋል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ የሌለውን ባሩድ ለለበን ጠመንጃ ሲያውሉ ግን ፍጥነቱ እጅግ ጨመረ፤ ጥሬው እርሳስም በመኪናው ውስጥ እየተላጠ አስቸገረ። ስለዚህ እርሳሱን በመዳብ ወይም በኒኬል ቅይጥ ልባስ ሸፈኑት። ለበንና ምንሽር የሚጎርሱት ቀጭንና ፈጣን አረር እንዲህ ተወለደ። ይህ አረር ሩቅ ይሄዳል፤ ቀጥ ብሎም ይሄዳል። ነገር ግን ልባሱ እንዳይሰፋ ስለሚይዘው በአካል ውስጥ ቀጭን ቀዳዳ በስቶ የማለፍ ጠባይ አለው።

ጦር የሚከለክለውን አደን ያዝዛል

እንግሊዞች በሕንድ አገር ይህ ቀጭን አረር ጠላትን አያቆምም ብለው፣ በካልካታ አጠገብ በዱም ዱም የጥይት ፋብሪካቸው ጫፉ ልባስ የሌለው አረር ሠሩ። ቁስሉ እጅግ የከፋ ስለ ነበር በፈረንጅ አቆጣጠር ሐምሌ 1899 በሄግ ከተማ የተሰበሰቡት መንግሥታት በሰው አካል ውስጥ የሚሰፋ አረር በጦርነት እንዳይተኮስ ተስማሙ። የዚህ ነገር ጥላ እስከ አገራችን ደርሷል። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ጣልያን ኢትዮጵያውያን የዱም ዱም ጥይት ይተኩሳሉ ብላ በዓለም ፊት ስትከስ፣ ራሷ ግን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር በተከዜ መሻገሪያዎች ላይ የመርዝ ጋዝ ታወርድ ነበር። ክሱ ለመርዙ ሽፋን ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ በመስከረም 1930 ዓ.ም. የዋጉ አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዚሁ ወራሪ እጅ ወደቁ።

አሁን አንባቢ ሆይ፤ የሚያስገርመውን ነገር ልብ ይበሉ። ለጦርነት የተከለከለው አረር ለአደን የታዘዘ ሆኖ ይገኛል። የእንግሊዝ የአጋዘን ሕግ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 እንደ ደነገገው፣ አጋዘን የሚመታ ሰው ጫፉ ለስላሳ ወይም ክፍት የሆነ፣ ማለት የሚሰፋ አረር መተኮስ ግዴታው ነው፤ ለትልልቆቹ አጋዘኖችም ጉልበቱ ከ2,300 ጁል ማነስ የለበትም። በዚህ መለኪያ ክላሽ በሁለቱም በኩል ይወድቃል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በጦርነት ሕግ ዘንድ ዓላማው ወታደሩን ከውጊያ ማስወጣት ነው እንጂ ማሠቃየት አይደለም፤ የቆሰለው ወታደር ሐኪም ያገኛል፤ ይድናል። የቆሰለ አጋዘን ግን ሐኪም የለውም። ለእርሱ ምሕረት ማለት በአጭር ጊዜ መሞት ነው። ስለዚህ አንዱ ሕግ ርኅራኄን በጠባብ ቁስል ሲፈልግ፣ ሌላው በሰፊ ቁስል ይፈልጋል።

የክላሽ ጥይት ነገር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የቁስል ሊቃውንት እንደ መረመሩት፣ ብረት በውስጡ ያለበት የመጀመሪያው ዓይነት የክላሽ አረር በአካል ውስጥ ገብቶ መገልበጥ የሚጀምረው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ነው። የሰስ ደረት ወርድ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ አረሩ እንደ መርፌ በአንድ ጎን ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሰሱ ደንግጦ ገደሉን ይወርዳል፤ አዳኙ «ሳትኩት» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። እንስሳው ግን በዋሻ ጥግ ተኝቶ ሁለት ሦስት ቀን ያጣጥራል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው ተረታችን ለዱር እንስሳም ይሠራል።

ታዲያ ምን ዓይነት ጥይት ይመረጥ?

በሕግ የተፈቀደለት አዳኝ ጥይት ሲመርጥ ሦስት ነገር ያመዛዝናል፤ ስፋት፣ ጥልቀትና ቦታ። አረሩ እንዲሰፋ ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ቶሎ ከሰፋ ከቆዳ በታች ፈርሶ ይቀራል። አሜሪካዊው ጆን ኖዝለር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1946 በካናዳ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ሲያድን አረሩ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ተሰባበረበት። ከዚያ በኋላ በመካከሉ የመዳብ ግድግዳ ያለበትን አረር ሠራ፤ የፊቱ ክፍል ይሰፋል፣ የኋላው ሳይፈርስ ወደ ውስጥ ይገፋል። የዛሬዎቹ የአደን አረሮች ብዙዎቹ ይህንኑ ችግር በልዩ ልዩ መንገድ የሚፈቱ ናቸው፤ አንዳንዱ እርሳሱን ከልባሱ ጋር ያጣብቃል፤ አንዳንዱም ሁለንተናው መዳብ ነው።

ለደጋ አጋዘን ልምድ ያላቸው አዳኞች ብዙ ጊዜ የሚይዙት 11 ወይም 12 ግራም የሚመዝን፣ በሰከንድ ወደ 900 ሜትር የሚወጣ አረር ነው፤ ከሸለቆ ማዶ መተኮስ ይመጣልና። ለትንንሾቹ እንስሳት ይህ ከመጠን ያልፋል፤ ሥጋውንም ያበላሻል።

ሙሉ ልባስ ያለው አረር ለአደን ፈጽሞ አይሆንም ማለት ግን አይደለም። ስኮትላንዳዊው ቤል በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከ1,000 በላይ ዝሆኖች የገደለው አብዛኛውን በቀጭኑ 7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ በሙሉ ልባስ አረር ነበር። የዝሆንን ራስ ቅል ለመዝለቅ የማይሰፋ አረር ያስፈልጋልና። ቤል የዝሆንን አጥንት በሚገባ አጥንቶ አንጎሉ የት እንዳለ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ነው፤ ቦታ። አረሩ ሊያርፍ የሚገባው ከፊት እግር ወዲያ ካለው ሳንባና ልብ ላይ ነው። ይህ ስፍራ ለደጋ አጋዘን የአነስተኛ ሳህን ያህል ይሰፋል፤ ለሰስ ግን ከእጅ መዳፍ አይበልጥም። በተቀመጠ ኢላማ ላይ መዳፍ የሚያህል ወረቀት አምስት ጊዜ ተኩሶ አምስቱንም የማይመታበት ርቀት፣ ለዚያ ሰው ከአቅሙ በላይ የሆነ ርቀት ነው።

ከፍታው፣ ገደሉና ሙቀቱ

የዋግ ምድር ራሱ የጥይትን ጠባይ ይለውጣል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ አረሩ ፍጥነቱን ቶሎ አያጣም፤ በቆላ የተስተካከለ ጠመንጃም በደጋ ሩቅ ሲተኮስ ጥቂት ከፍ ብሎ ይመታል።

ገደሉ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ወደ ቁልቁልም ሆነ ወደ ሽቅብ ሲተኮስ አረሩ ከታሰበው በላይ ከፍ ብሎ ያርፋል፤ አረሩን ወደ ታች የሚስበው የምድር ስበት የሚቆጠረው በአግድሙ ርቀት ልክ ነውና። 300 ሜትር ርቆ በ30 ዲግሪ ቁልቁለት ላይ የቆመ እንስሳ እንደ 260 ሜትር ይቆጠራል፤ በ45 ዲግሪ ከሆነ ደግሞ እንደ 212 ሜትር ነው። በገደል አገር ብዙ ተኩስ በጀርባ ላይ የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ድንጋዩንም አይርሱ። ሙሉ ልባስ አረር ቋጥኝ ሲመታ አቅጣጫውን ለውጦ ይፈናጠራል። የትልቅ ጠመንጃ አረር በነፃ ከተለቀቀ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በዋግ ሸለቆ ማዶ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ፣ ውኃ የምትቀዳ ሴት አትጠፋም። ከእንስሳው በስተኋላ አረሩን የሚውጥ የአፈር ግድግዳ ከሌለ ቃታው አይሳብም። በሰማይ ጠርዝ ላይ በቆመ እንስሳ ላይም ፈጽሞ አይተኮስም።

ስለ አሮጌ ጥይትም አንድ ቃል እንጨምር። በሣጥን ለብዙ ዘመን የተቀመጠ፣ እርጥበት የነካው ወይም በተከዜ ቆላ ፀሐይ ሲጠበስ የዋለ ጥይት አይታመንም። ሙቀት የባሩዱን ግፊት ይጨምራል፤ እርጥበት ያዳክመዋል። ቃታው ተስቦ ጥይቱ ካልተተኮሰ ቶሎ ከፍቶ ማውጣት አደጋ አለው፤ ዘግይቶ ሊነድ ይችላልና። አፈሙዙን ወደ አፈር አድርጎ ከግማሽ ደቂቃ ያላነሰ መታገሥ ይገባል። ብዙ የድሮ የጦር ጥይቶች መኪናውን የሚያዝግ ጨው ስለሚተዉ፣ ከተኩስ በኋላ በሙቅ ውኃ አጥቦ፣ አድርቆ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል።

ከሥጋው ጋር የሚቀረው

የእርሳስ አረር ሲሰፋ ዓይን የማያያቸው ፍርፋሪዎች በሥጋው ውስጥ ይበተናሉ። እርሳስ መርዝ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ሕፃናትን ይጎዳል። ስለዚህ በቁስሉ ዙሪያ ያለው ሥጋ በሰፊው ተቆርጦ መጣል አለበት። የተጣለው ደግሞ ለጥንብ አንሳ ይቀራል። በአሜሪካ የካሊፎርንያ ኮንዶር የሚባለው ታላቅ ጥንብ አንሳ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1982 ቁጥሩ 22 ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ለሞቱ ከታወቁት ዋና ምክንያቶች አንዱ ከታደነ እንስሳ ሬሳ የሚበላው እርሳስ ነው። ካሊፎርንያ ከ2019 ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይት ከልክላለች። ሁለንተናው መዳብ የሆነው አረር የተፈለገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የእኛም ደጋ የብዙ ዓይነት ጥንብ አንሳ አገር ነውና ነገሩ ይመለከተናል።

ፈቃድ ሳይኖር ምርጫም የለም

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ የሚሠራው ሕጉ ለፈቀደለት ሰው ነው። የዱር እንስሳ አደን በኢትዮጵያ በዐዋጅ መገዛት ከጀመረ ቆይቷል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1944 የወጣው የአደን እንስሳት ጥበቃ ዐዋጅ አንዱ ነው። በኋላም ዐዋጅ ቁጥር 541/1999 እና ደንብ ቁጥር 163/2000 ወጥተዋል። አደን በፈቃድ፣ በተወሰነ ቦታ፣ ለተወሰነ እንስሳ ብቻ ነው። ጠመንጃውን መያዝም ራሱ በዐዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል። «የአገሩ ልማድ ነው» የሚል መልስ በፍርድ ቤት አያዋጣም፤ ይልቁንም የመንግሥት ሠራተኛ ለሆነ ሰው።

ሕጉ ለምን እንደ ጠበቀ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከዋግ ቆላ ተከዜን ተሻግሮ ያለው የሰሜን ተራራ የዋልያ አገር ነው። ዋልያ በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የለውም። ጠመንጃ በየእጁ ከገባ በኋላ መንጋው እየተመናመነ ሄዶ፣ የሰሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም የቀረው ቢበዛ ጥቂት መቶ ብቻ ነበር። ዛሬም ቁጥሩ ከመቶዎች ወደ ሺህ አልተሻገረም። ያን ያህል እንስሳ የጨረሰው ለዋልያ ተብሎ የተሠራ ጥይት አልነበረም፤ ለጦርነት የተሠራውና ጦርነቱ ሲያልፍ በየቤቱ የቀረው ጥይት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ «ለጦር የተሠራ ጥይት ለአደን ይሆናልን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም። ወደ ሰስ ገደል መሄድ ቢያምርዎ፣ ጧት በማለዳ አጉሊ መነጽር ይዘው ይውጡ። ሰስ ከቋጥኝ ወደ ቋጥኝ ሲዘል ለማየት ፈቃድ አይጠየቅም፤ ጥይትም አያስፈልግም። በማግሥቱም ቢመለሱ እዚያው ያገኙታል።